ከተፎካካሪዬ ቤት የሚመጣ ሠራተኛ ልቀጥር ነው፤ የሕግ ሰዎች እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ቡና ቆልቼ ለካፌዎች አከፋፍላለሁ። ሰሞኑን ለተፎካካሪዬ ቡና ይቆላ የነበረ ልጅ ሥራ ጠየቀኝ። ጎበዝ ነው፣ እጁ የተባረከ። ችግሩ፣ «ደብተሬን ይዤልህ እመጣለሁ» ማለቱ ነው። ደብተሩ ላይ የአቆላል ሙቀትና ደቂቃው፣ የይርጋጨፌና የሲዳማ ቡና የሚቀላቀልበት መጠን፣ ለየደንበኛው የሚሰጠው ዋጋ ሳይቀር አለ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ን አንብቤዋለሁ። የሌላውን ነጋዴ መረጃ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ፣ ከመልካም የንግድ አሠራር ውጭ መግለጥ፣ መያዝ ወይም መጠቀም ተገቢ ያልሆነ ውድድር ነው። መያዝም ጭምር! ስለዚህ ደብተሩ ደጄን አይረግጥም። ይሄ ያለቀ ነገር ነው።

የጨነቀኝ በጭንቅላቱ የያዘው ነው። በሥራ ያካበተው ሙያ የራሱ ነው፤ ማንም አይነጥቀውም። የቅልቅሉን መጠን በቃሉ ቢያውቀውስ? ሙያው የት አልቆ የሰው ምስጢር የት ይጀምራል? ምስጢር ለመጠበቅ የፈረመው ውል ካለስ፣ ከመቅጠሬ በፊት አሳየኝ ልበለው?

ሌላው፣ የተፎካካሪዬን ቡና ከሱቅ ገዝቼ፣ ቀምሼ፣ ቅልቅሉን በራሴ ሙከራ ለመድረስ አስባለሁ። በአደባባይ የተሸጠ ዕቃ ስለሆነ ችግር ያለው አይመስለኝም። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ።

ልጁ መልስ እየጠበቀ ነው፤ ቤተሰብ ያስተዳድራል። ቅጥር ውሉ ላይ ምን ዓይነት አንቀጽ ብናስገባ ሁለታችንንም ይጠብቀናል? እንዲህ ያለ ክርክር ይዛችሁ የምታውቁ ጠበቆች፣ እባካችሁ ንገሩኝ።