በሐር ሪባን ጽጌረዳ ለመጥለፍ የትኛው ስፌትና የትኛው ሪባን ይስማማል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ለታላቅ እህቴ ሠርግ ስጦታ የሚሆን የትራስ ልብስ በማዘጋጀት ላይ ነኝ። በክር መጥለፍ የቆየ ሙያዬ ቢሆንም በሐር ሪባን ሠርቼ አላውቅም። በነጭ የጥጥ ጨርቅ ላይ ጽጌረዳዎችን ከነቅጠሎቻቸው ማውጣት ስለምፈልግ፣ ምን ያህል ስፋት ያለው ሪባን እንደሚስማማ፣ አበባውን ከጨርቁ ከፍ አድርጎ የሚያሳየው የትኛው ስፌት እንደሆነ፣ እንዲሁም ለስጦታ ማሰሪያ የሚሸጠው የሚያብረቀርቅ ሪባን ሐሩን ይተካ እንደሆነ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

የመጀመሪያ መልስ

ውድ ጠያቂ፣ 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ሪባን ይጀምሩ። የ2 ሚሊ ሜትሩ ለእንቡጥ፣ የ7 ሚሊ ሜትሩ ደግሞ ለሰፋፊ ቅጠሎች ይሆናል። መርፌው ጫፉ ሹል፣ ዓይኑ ረጅም የሆነው ሸኒል የሚባለው ይሁን፤ ለ4 ሚሊ ሜትር ሪባን ቁጥር 20 ወይም 22 ይበቃል። ቀጭን መርፌ ጠባብ ቀዳዳ ስለሚተው ሪባኑ ሲያልፍ ይፋቃል። በዚሁ ምክንያት ሪባኑን ከ30 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይቁረጡት፤ ከዚያ የረዘመው ጨርቁ ውስጥ በተመላለሰ ቁጥር ጠርዙ ይሳሳል።

ለጽጌረዳው የሸረሪት ድር ጽጌረዳ የሚባለውን ስፌት እመርጣለሁ። 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ ይሳሉና፣ ከሪባኑ ቀለም ጋር በሚመሳሰል የጥልፍ ክር ከመሐል ወደ ዳር እኩል የተራራቁ 5 ቀጥ ያሉ ስፌቶችን ይስፉ። ቁጥሩ ጎዶሎ መሆኑ ግድ ነው፤ ሪባኑ አንዱን ክር ከላይ፣ ቀጣዩን ከታች እያለ ሲዞር፣ በመጀመሪያው ዙር ከላይ ያለፈበትን በሁለተኛው ከታች የሚያልፈው በጎዶሎ ቁጥር ብቻ ነውና። ሪባኑን ከመሐል አውጥተው፣ ጨርቁን ሳይወጉ፣ መርፌውን በዓይኑ በኩል እያስቀደሙ ይሸምኑ። መሐሉን ትንሽ ጠበቅ፣ ወደ ዳር ሲሄዱ ላላ ያድርጉ፤ ሪባኑ ቢጠማዘዝም ይተዉት፣ እጥፋቱ ነው አበባ የሚያስመስለው። መሐሉን በጠቆር ያለ፣ ዳሩን በፈዘዝ ያለ ቀለም ቢሠሩት የበለጠ ያምራል። የስጦታ ማሰሪያውን ሪባን ግን አልመክርም፤ ደረቅ ስለሆነ አይተጣጠፍም።

ሁለተኛ መልስ

ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ ሆኖም ስለ ሪባኑ ትንሽ ልለይ። የሸረሪት ድሩ ጽጌረዳ ሪባኑ ጨርቁን የሚበሳው ሲጀምርና ሲጨርስ ብቻ ስለሆነ፣ ሐር ካልተገኘ ሳሳና ለስለስ ባለ የሳቲን ሪባንም ይሠራል። ቅጠሉ ግን ሐር ይፈልጋል። ሪባኑን ካወጡ በኋላ ጨርቁ ላይ ዘርግተው፣ ቅጠሉ እንዲያልቅ በሚፈልጉበት ቦታ መርፌውን በሪባኑ መሐል ወግተው ቀስ ብለው ወደ ታች ይሳቡት። ጠርዞቹ ወደ ውስጥ ጥቅልል ሲሉ ወዲያውኑ ያቁሙ፤ ከዚያ አልፎ የተሳበ ሪባን ቅጠልነቱ ጠፍቶ ገመድ ይሆናል።

ሦስተኛ መልስ

የትራስ ልብስ ስለሆነ ጭንቅላት የሚያርፍበትን መሐል ትተው አበቦቹን በአንድ ጥግ ቢያደርጓቸው ይሻላል። ጨርቁን የሚወጥረው ክብ እንጨትም ከጥልፉ የሰፋ ይሁን፤ ያለቀ አበባ ላይ ከታሰረ ይጨፈልቀዋል። ጨርቁን ከመጥለፍዎ በፊት ይተኩሱት፤ በኋላ ካውያ አበባው ላይ አይረፍ። ደማቅ ሐር ቀለሙን ሊለቅ ስለሚችል ቁራጩን አስቀድመው በነጭ ጨርቅ ላይ አርጥበው ይፈትኑት።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጀርባው ላይ የሚቀረውን የሪባን ጫፍ እንደ ክር ልቋጥረው?

የመጀመሪያ መልስ ሰጪ

አይቋጥሩት፤ ቋጠሮው በፊት በኩል እብጠት ያወጣል። 1 ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርተው፣ አበባው ራሱ በሚሸፍነው ቦታ በቀጭን የስፌት ክር ይያዙት።