ፋየርሬድ ወይስ ኤመራልድ? ለ11 ዓመት ልጅ ጥቆማ

አክስት ከሲልቨር ስፕሪንግ
ሰላም ለሁላችሁ። ለፋሲካ አዲስ አበባ እገባለሁ። የእህቴ ልጅ ከስልክ ላይ ዓይኑን እንዲያነሳ ብለን አሮጌዋን የእጅ ጌም መጫወቻ፣ ኒንቴንዶ ዲ ኤስ ላይቴን ልወስድለት ነው። ከታች ባለው ማስገቢያ የጌም ቦይ አድቫንስ ካሴት ትቀበላለች። ፖኬሞን ፋየርሬድ ይሻለዋል ወይስ ፖኬሞን ኤመራልድ? ሁለቱም ፖኬሞን የሚባሉ ፍጡራንን እየያዙ የሚያዋጉባቸው፣ የጌም ፍሪክ ኩባንያ ሥራ ናቸው፤ ሁለቱም በጃፓን የወጡት እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ ለእኔ አንድ ዓይነት ናቸው። እንግሊዝኛ ያነባል፤ ግን ቶሎ ይሰለቻል። የምገዛው አንዱን ብቻ ነው።

ሰባቱ ሜዳ
ኤመራልድ። ክርክርም አያስፈልገውም። ፋየርሬድ የ1996ቱ የመጀመሪያው ጨዋታ አዲስ ልብስ ለብሶ የመጣ ነው። ኤመራልድ ግን ዋናው ታሪክ ካለቀ በኋላ ሰባት የውድድር ቤቶች ይከፍትልሻል፤ አንዱ ጋ የራስሽን ቡድን በር ላይ ትተሽ በተዋስሻቸው ፖኬሞኖች ትዋጊያለሽ። እኔ እዚያ ቤት ውስጥ አንድ ክረምት አሳልፌያለሁ።

ሴቭ የጠፋበት
ኤመራልድን ስሰማ አሁንም ሆዴ ይላወሳል። ስሙን ከማልጠራው ሱቅ «ኦሪጅናል ነው» ተብዬ ገዛሁ። ሁለት ወር ማታ ማታ ተጫወትኩ። ስምንቱን ባጅ ሰበሰብኩ፣ መጨረሻ ላይ የሚጠብቁትን አራቱን ኃያላን አሸነፍኩ፣ ሻምፒዮኑን ዋላስንም ጣልኩ። ቡድኔ ክብር መዝገቡ ላይ ሲሰለፍ አይቼ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ጠዋት ስከፍተው «ቀጥል» የሚለው መስመር የለም። «አዲስ ጨዋታ» ብቻ። ካሴቱን አወጣሁት፣ በሸሚዜ ጫፍ ጠረግሁት፣ እፍ አልኩበት፣ መለስኩት። «አዲስ ጨዋታ»። ወደ ሱቁ ስመለስ ሰውየው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ታዲያ እንደገና ተጫወተው፤ የገዛኸው ለመጫወት አይደል?»

ከሳሪስ
ወይ ጉድ! የትኛው ሱቅ ነው? ቢያንስ ሰፈሩን ንገረን።

ሴቭ የጠፋበት
ሰፈሩን ከነገርኩህ ሱቁን ነገርኩህ ማለት ነው።

የፒያሳ ደንበኛ
እኔ ከምገዛበት ሰው ብትገዛ ኖሮ ይህ አይደርስብህም ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ደንበኛው ነኝ፤ አንድ ቀን አታሎኝ አያውቅም። ፋየርሬድም ሆነ ኤመራልድ፣ ዋናው የሚሸጥልሽ ሰው ነው እህቴ።

ከሳሪስ
ካሴት አለው?

የፒያሳ ደንበኛ
ካሴት ካቆመ ቆይቷል። አሁን የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ነው የሚሸጠው። ግን ሐቀኛ ሰው ነው።

እንቁራሪት
ገባኝ። ስለዚህ ከሐቀኛው ሰው አንድ የስልክ ሽፋን ገዝታ ለልጁ «ይኸው ፖኬሞን» ትበለው።

እናት ዓለም
ስልክ አስጥለን ሌላ ስክሪን መስጠት ምን ይባላል? ገበጣ አስተምሪው። ዓይን አይጎዳም፣ ባትሪ አይፈልግም።

ሰባቱ ሜዳ
እናቴ፣ ጥያቄው ከሁለት ጨዋታ አንዱን ስለመምረጥ ነበር።

ባለ ብየዳው
በትርፍ ጊዜዬ እነዚህን ካሴቶች ስለምጠግን ሁለት ነገር ልበል። ትክክለኛው ኤመራልድ አረንጓዴና ብርሃን የሚያሳልፍ ነው፤ ውስጡ ያለው ሰሌዳ በቅርፊቱ በኩል ይታያል። የማንኛውንም ካሴት አፍ ወደ ብርሃን አዙረሽ ብታዪ፣ ከወርቃማዎቹ ጥርሶች በላይ ኒንቴንዶ የሚለው ስም ሰሌዳው ላይ ታትሞ ታገኚዋለሽ። ከፊት ያለውን ወረቀት ዘንበል አድርገሽ ስታዪ ደግሞ ሳይቀለም በግፊት ብቻ የገባ ትንሽ ቁጥር አለ። ስሙም ቁጥሩም ከሌለ አትግዢ።

ሌላው ባትሪ ነው። ኤመራልድ ውስጥ ሰዓት አለ፤ ሰዓቱን የምታስኬደው ሲ አር 1616 የምትባል ባትሪ ነች። ይህን ያህል ዓመት አልፎ ባትሪዋ ብትሞት አትደንግጪ፤ ሲከፈት ማስጠንቀቂያ ይጽፋል እንጂ ሴቭ አይጠፋም። የሚቆመው በሰዓት የሚሄደው ነው፤ የተዘሩት ፍሬዎች አያድጉም፣ የባሕሩ ዋሻ ውኃ አይወርድም አይወጣም። ለመቀየር ባለ ሦስት ጥርስ ትንሽ ካቻቢቴና ብየዳ ይፈልጋል። ፋየርሬድ ሰዓት የለውም፤ ስለዚህ ይህ ጣጣም የለበትም።

ሴቭ የጠፋበት
ይህን ምክር የዚያን ጊዜ ባገኘው ኖሮ!

ሁለቱንም የጨረሰ
ቶሎ ለሚሰለች ልጅ ፋየርሬድ እላለሁ። ሳምንት ቆይቶ ሲከፍተው መጨረሻ ያደረጋቸውን ነገሮች በአጭሩ ያስታውሰዋል። ግራ ሲገባው ከላይ ካሉት የትከሻ ቁልፎች አንዱን ከተጫነ መመሪያ ይወጣለታል። ኤመራልድ ላይ ሁለት ተጋጣሚዎች ባንድ ጊዜ ሊገጥሙት ይችላሉ፤ ለጀማሪ ይከብዳል። የፋየርሬድ ጥፋት ሌላ ነው፤ ጎልባት የተባለው የሌሊት ወፍ አራቱ ኃያላን እስኪሸነፉና 60 ዓይነት ፖኬሞን ተይዞ ሙሉው የፖኬሞን መዝገብ እስኪሰጥ ድረስ አድጎ ወደሚቀጥለው ዓይነት እንዳይለወጥ ይታገዳል። እኔ ይህን ሳላውቅ ስንት ቀን ሣር ለሣር አዞርኩት።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ዲ ኤስ ላይት የማገናኛ ገመድ መሰኪያ የላትም። ስለዚህ በሁለቱም ጨዋታ ከጓደኛ ጋር ፖኬሞን መለዋወጥ አይቻልም፤ ለጓደኛ ሲሰጡ ብቻ ወደሚቀጥለው ዓይነት የሚለወጡት እንደ ካዳብራ ያሉት ፖኬሞኖች ባሉበት ይቀራሉ። ይህን ከአሁኑ ንገሪው፤ በኋላ እንዳያኮርፍ።

ሰባቱ ሜዳ
ካዳብራ ባይለወጥም ኤመራልድ ኤመራልድ ነው።

እንቁራሪት
ማስረጃ ማለት እንዲህ ነው።

ከአሌክሳንድሪያ
እህቴ፣ ቻርጀሩን አይተሽዋል? የአሜሪካው የዲ ኤስ ላይት ቻርጀር ጀርባው ላይ 120 ቮልት ብቻ ይላል። አዲስ አበባ 220 ነው። የእኔን ወንድሜ ቤት በገባሁ ማግስት በቀጥታ ሰክቼው ጭስ ነው የሸተተን።

አክስት ከሲልቨር ስፕሪንግ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አሁን ገልብጬ አየሁት፤ እውነትም 120 ይላል። በዩኤስቢ የሚሞላ ገመድ እንዳለ ሰምቻለሁ፤ እዚህ ልግዛ ወይስ እዚያ አገኛለሁ?

የፒያሳ ደንበኛ
ቻርጀር ነው ያልሽው? እኔስ ከመጀመሪያው ምን አልኩ!