ጽሑፍን ወደ ቁጥር የሚለውጥ የሲ ፈንክሽን ስህተትን እንዴት ያሳውቅ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመጋዘን ቆጠራን ከፋይል እያነበበ የሚደምር ፕሮግራም በሲ (C) የፕሮግራም ቋንቋ እየጻፍኩ ነው። ጽሑፍን ወደ ቁጥር የሚለውጠውን የሲ ፈንክሽን ኤቱአይን (atoi) ስጠቀም፣ በፋይሉ ላይ «0» ቢያገኝም «የለም» የሚል ቃል ቢያገኝም የሚመልስልኝ ያው ዜሮ በመሆኑ፣ ዕቃው ማለቁን ከመዝገቡ መበላሸት መለየት አልቻልኩም። የራሴን ፈንክሽን ጽፌ ስህተት ሲገጥመው -1 እንዲመልስ አስቤ ነበር፤ ሆኖም ተመላሽ ዕቃ በመዝገቡ ላይ በኔጌቲቭ ይገባል። ምን ቢመልስ ይሻላል?

መልስ፦
-1ንም ሆነ ሌላ ቁጥር ለስህተት ምልክትነት ባይመርጡ ይሻላል፤ ዛሬ የማይመጣ የመሰለ ቁጥር ነገ ትክክለኛ መረጃ ሆኖ ይመጣልና። ፈንክሽኑ የሚመልሰው መሳካት አለመሳካቱን ብቻ ይሁን፤ የተገኘውን ቁጥር ጠሪው ኮድ በሰጠው ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) በኩል ያስቀምጥ፤ ካልተሳካ ደግሞ እዚያ ያለውን ፈጽሞ አይንካ። ኤቱአይ ከዜሮው የባሰ ጉድለት አለበት፦ ቁጥሩ ከኢንት (int፣ የተለመደው የሙሉ ቁጥር ዓይነት) አቅም ካለፈ ውጤቱ ምን እንደሚሆን የሲ ስታንዳርድ ምንም ዋስትና አይሰጥም።

ውስጡን በስትርቱኤል (strtol፣ ጽሑፍን ሎንግ (long) ወደተባለው የሙሉ ቁጥር ዓይነት የሚለውጥ የላይብረሪ ፈንክሽን) ይሥሩት። ከመጥራትዎ በፊት ኤርኖን (errno፣ የስህተት ኮድ የሚቀመጥበትን) ዜሮ ያድርጉት፤ የላይብረሪው ፈንክሽኖች መልሰው ዜሮ ስለማያደርጉት፣ ቀድሞ የተፈጠረ ስህተት እዚያው ተቀምጦ ሊያሳስትዎ ይችላል። ከጥሪው በኋላ የማቆሚያውን ቦታ የሚያሳየው ፖይንተር ከጽሑፉ መጀመሪያ ካልተንቀሳቀሰ አንድም አሃዝ አልተነበበም፤ ተንቀሳቅሶ ማብቂያው ላይ ካልደረሰ ግን እንደ «12ኪሎ» ያለ ትርፍ ነገር ተከትሏል። ኤርኖ ኢሬንጅ (ERANGE፣ «ከወሰን ውጭ» የሚል የስህተት ኮድ) ከሆነ ቁጥሩ ከሎንግ ወሰን ወጥቷል፤ በዚህ ጊዜ የሚመለሰው የሎንግ ትልቁ ወይም ትንሹ ቁጥር ነው። ያ ቁጥር ራሱ በፋይሉ ላይ በትክክል ተጽፎ ሊገኝ ስለሚችል፣ ኤርኖን ሳያዩ መፍረድ አይቻልም።

ሌላ መልስ፦
ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ ውጤቱን በኢንት የሚይዙት ከሆነ ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። በ64 ቢት ሊኑክስ ሎንግ 64 ቢት ሲሆን በዊንዶውስ 32 ቢት ነው፤ ስለዚህ «3000000000» በዊንዶውስ ኢሬንጅ ሲያስነሳ፣ በሊኑክስ ያለ ምንም ስህተት ያልፍና ወደ ኢንት ሲገባ ይበላሻል። በኢንት ትንሹና ትልቁ ቁጥር መካከል መሆኑን ራስዎ ይፈትሹ። ለስትርቱኤል የሚሰጡትን የቁጥር መሠረትም (base) 10 ያድርጉት። 0 ከሰጡት በዜሮ የሚጀምረውን ቁጥር በ8 መሠረት ስለሚያነበው፣ «010» 8 ይሆናል፤ «09» ደግሞ ዜሮው ብቻ ተነብቦ 9ኙ ላይ ይቆማል። ኔጌቲቭ የማይፈልጉበት ቦታ ላይ ኔጌቲቭ የሌለውን የሎንግ ዓይነት የሚመልሰውን ስትርቱዩኤልን (strtoul) አይመኑት፤ «-1»ን ያለ አንዳች ስህተት ተቀብሎ እጅግ ትልቅ ቁጥር አድርጎ ይመልሰዋል።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እንደተባለው ሠራሁት፤ አሁን ግን ትክክለኛ መስመሮችን ጭምር ትርፍ ፊደል አለባቸው ብሎ ይጥላቸዋል። መስመሩን የማነበው ከፋይል መስመር በሚያነበው ፈንክሽን በኤፍጌትስ (fgets) ነው።

መልስ፦
ኤፍጌትስ የመስመር መጨረሻ ምልክቱን ከጽሑፉ ጋር አብሮ ያስቀምጠዋል፤ ፋይሉ በዊንዶውስ ከተዘጋጀ ከእርሱ በፊት ሌላ የማይታይ ምልክት ሊኖር ይችላል። ስትርቱኤል ከፊት ያለውን ባዶ ቦታ እንጂ ከኋላ ያለውን አይዘልም። ጽሑፉን ወደ ቁጥር ከመለወጥዎ በፊት ሁለቱን ምልክቶች ቆርጠው ያስወግዱ፤ የማብቂያ ፍተሻውን ግን አያላሉት።