የላቲን «ላቱስ» ከየት ነው የመጣው? ፈተና ነገ ጠዋት ነው እርዱኝ!!

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ እባካችሁ ቶሎ። «ኤፒስቱላም አ ሴርዎ ላታም ሌጊት» ይላል፣ ዲክሽነሪው ላቱስ «ሰፊ» ነው ይላል ግን ሰፊ ደብዳቤ ምን ማለት ነው? ኖቴ ላይ ደግሞ ከፌሮ («እሸከማለሁ፣ አመጣለሁ») የመጣ ፓርቲሲፕል (ከግስ የወጣ ቅጽል) ይላል፣ ፌሮ ምን ሆኖ ነው ወደ ላቱስ የተቀየረው? እርባታውም አልገባኝም

የቆሎ ተማሪ፦ ወንድሜ መጀመሪያ ግዕዝ ብትማር ይሄ ሁሉ ባልከበደህ። ለወንድ ቅቱል ለሴት ቅትልት እንደሚባለው ላቲኑም በፆታ ከስሙ ጋር ይስማማል፣ ሰዋስው ሳይዙ ወደ ትርጉም መሮጥ ጥሩ አይደለም

ቲቲ፦ ላቱስ እኮ «ጎን» ነው፣ ላቱስ ላቴሪስ

ሮም ያለሁት፦ @ቲቲ እሱ ሌላ ቃል ነው እህቴ፣ «ላ»ው አጭር ነው፣ ግዑዝ ፆታ ስለሆነ አኩዛቲቩም (ተሳቢው ማለት ነው) እዛው ላቱስ ይቀራል እንጂ ላታም አይሆንም።
ጠያቂ፣ ፌሮ ተቀይሮ አይደለም ላቱስ የሆነው! ፌሮ፣ ፌሬ፣ ቱሊ፣ ላቱም ሲባል ሁለት የተለያዩ ሥሮች ናቸው አንድ ግስ የሆኑት። ቱሊና ላቱስ «ማንሳት፣ መሸከም» ከሚለው ሥር ናቸው፣ ላቱስ ጥንት «ትላቶስ» ነበር ፊት ያለው ት ወደቀ። እኛስ «መጣ» እያልን ስንጠራ «ና» እንል የለ? አብላቲቭ (እንደኛ «በ»፣ «ከ» ያለው ሙያ) የሚለው ስምም ከዚሁ ነው፣ አብላቱስ «የተወሰደ»።

አቢ፦ ፈተናውን ካለፍክ ክትፎ በኔ 😂 ደግሞ «አ ሴርዎ»ን እይ፣ «በባሪያው» ነው፣ አድራጊው ስለተጠቀሰ «ሰፊ» ሊሆን አይችልም። ባሪያው ያመጣውን ደብዳቤ አነበበ፣ አለቀ። ኤፒስቱላም አንስታይ፣ ነጠላ፣ አኩዛቲቭ ስለሆነ ላታም። ነጠላው በተራ (ባለቤት፣ አገናዛቢ፣ ተቀባይ፣ ተሳቢ፣ አብላቲቭ) ላታ፣ ላታይ፣ ላታይ፣ ላታም፣ ላታ (መጨረሻው አብላቲቩ ነው፣ ረጅም «ኣ»)

ማኪ፦ ቦኑስ ቦና ቦኑምን («ጥሩ» ለወንድ፣ ለሴት፣ ለግዑዝ) ካወቅክ ላቱስ ላታ ላቱም ያው ነው

የቆሎ ተማሪ፦ እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው፣ ከስሙ ጋር ይስማማል

ሮም ያለሁት፦ አስተማሪህ በቤተ ክርስቲያን አነባበብ ከሆነ የሚያስነብቡት ላታይን «ላቴ»፣ ሴርዎን «ሴርቮ» በል

አቢ፦ ጠያቂ አለህ? ብዙ ቁጥሩን ልጻፍልህ ወይስ ተኛህ?