ቆቃ ሐይቅ ላይ ለካርፕ ዓሣ መንጠቆ እንዴት ይታሰር?

የአዳማ ልጅ፦
ሰላም ወገኖች። የበቆሎ ንፍሮ መንጠቆው ላይ ሰክቼ ስጥል ክሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ይነዘርና ይተዋል፤ ስስበው ባዶ ነው። መንጠቆው 6 ቁጥር፣ ክሩ 0.30 ናይሎን፣ ክሩን የሚያሰምጠው እርሳስ 60 ግራም ነው። በቆሎውን ከመንጠቆው ውጭ በ«ፀጉር»፣ ማለትም ከመንጠቆው በሚወርድ አጭር ክር፣ ማንጠልጠል የሚሉት እንዴት ነው የሚታሰረው?

አዋሽ ዳር፦
ወንድሜ፣ መንጠቆህ በበቆሎ ተሸፍኗል። ካርፕ ምግቡን ወደ አፉ ስቦ ያስገባና የከበደውን መልሶ ይተፋል፤ ሹሉ ከተደፈነ ምኑ ይውጋው?

30 ሳንቲ ሜትር ለስላሳ የተገመደ ክር ቁረጥ፤ ናይሎን ለፀጉር ግትር ነው። ጫፉ ላይ ትንሽ ቀለበት ቋጥርና ሁለት ፍሬ በቆሎ በመርፌ አሳልፍበት፤ እንዳይወልቅ ቀለበቱ ውስጥ የስንደዶ ቁራጭ ሰካ። ሌላውን ጫፍ በመንጠቆው ቀዳዳ ከጀርባ በኩል፣ ማለትም ሹሉ ከሌለበት ወገን፣ አስገብተህ ሳብ። በቆሎው ከመንጠቆው ጉብጠት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ሲንጠለጠል አቁም። ከዚያ ረጅሙን ክር በፀጉሩና በመንጠቆው ዘንግ ላይ ወደ ጉብጠቱ 7 ወይም 8 ዙር ጠምጥም፤ ዙሮቹ አይደራረቡ። መጨረሻውን እንደገና ከጀርባ በኩል በቀዳዳው አሳልፍ። ብዙ ሰው የሚበላሽበት እዚህ ላይ ነው፤ ከፊት ካሳለፍከው መንጠቆው ዞሮ ከንፈር አይነክስም። ከማጥበቅህ በፊት በምራቅ አርጥበው።

የቆቃ ልጅ፦
አስተሳሰሩ ልክ ነው፤ እርሳሱንም አስቡበት። ዋናውን ክር በእርሳሱ ቀዳዳ አሳልፈህ ስዊቭል (ሁለቱን ክሮች የሚያገናኝ ተሽከርካሪ ማያያዣ) እሰር፤ ስዊቭሉ ላይ የብስክሌት ቫልቭ ላስቲክ አልብሰህ እርሳሱን ጠበቅ አድርገህ ግፋበት። ዓሣው ሲጎትት የእርሳሱ ክብደት መንጠቆውን ይተክለዋል። ክሩ ከተበጠሰ ግን እርሳሱ ተንሸራቶ ይወጣል እንጂ ዓሣው ይዞት አይዞርም፤ ይሄን እባካችሁ አትናቁት። ከስዊቭል እስከ መንጠቆ 20 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። የቆቃ ወለል ደለል ስለሆነ ከዚያ ያጠረ ክር ከእርሳሱ ጋር ጭቃ ውስጥ ይገባል። እምቦጭ ካለበትም ራቁ።

የአዳማ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጫፉ ጠፍጣፋ፣ ቀዳዳ የሌለው መንጠቆስ?

አዋሽ ዳር፦
ለዚህ አይሆንም፤ ባለ ቀዳዳውን ግዛ። የመንጠቆው ቀዳዳ ቀለበት በደንብ ያልተዘጋ ከሆነም ተወው፣ ክር ይቆርጣል። ንፍሮውንም ሌሊቱን ዘፍዝፈህ ቀቅለው፤ በጥፍር ሲጫኑት የሚሰረጉድ ግን ያልፈነዳ ይሁን፤ የፈነዳ ስትወረውረው ይበተናል።