ቨርጂኒያ ውስጥ ጽንስ ሲጨነግፍ ለፖሊስ ማሳወቅ ግዴታ ነው ወይ?

አደይ (ጠያቂ)፦
ሰላም እህቶቼ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ ነው፤ በዲቪ ከመጣን ሁለት ዓመት አልሞላንም። ባለፈው ሳምንት የ11 ሳምንት ጽንስ ጨነገፈብኝ። ሌሊት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው ሁሉም ያለቀው። ጠዋት ሆስፒታል ሄድን፤ በአልትራሳውንድ አይተው ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሺ ብለው ሸኙኝ።

ትናንት ሥራ ቦታ ለአንዲት ያገሬ ልጅ ብነግራት «ቤት ውስጥ ከሆነማ በ12 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማሳወቅ ነበረብሽ፣ ያሳስራል» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ይባስ ብሎ የሆስፒታሉን አፕ ስከፍት «ስፖንቴኒየስ አቦርሽን» ተብሎ ተጽፎብኛል። እኔ እኮ አላስወረድኩም! በስለት ያገኘነው ጽንስ ነበር። ነገ ዜግነት ሳመለክት ይሄ አይወጣብኝም?

ሌላም አለ። የምንኖረው የባለቤቴ አክስት ዘንድ ነው፤ ማርገዜን አልነገርናቸውም ነበር። ኢንሹራንሱ በባለቤቴ መሥሪያ ቤት በኩል ነው፤ የፖስታ ሳጥኑን የሚከፍቱት ደግሞ እሳቸው ናቸው። የምታውቁ እባካችሁ።

ብርቄ፦
የኔ እናት፣ እግዚአብሔር ይካስሽ። እኔ ብሆን ዝም እላለሁ፣ ሁለተኛም እዚያ ሆስፒታል ዝር አልልም። ወረቀት በበዛ ቁጥር ጣጣው ይበዛል።

የሲልቨሯ ነርስ፦
ብርቄ፣ በቅንነት እንደሆነ ገብቶኛል፤ ግን ይሄ ምክር ሰው ይገድላል። አደይዬ፣ ከቀጠሮሽ እንዳትቀሪ። ማህፀን ውስጥ የቀረ ነገር ካለ ያመረቅዛል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካየሽ፣ ወይም በሰዓት ሁለት ሞዴስ እየራሰ ሁለት ሰዓት ካለፈ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ስለ ጽሑፉ አትደንግጪ። በሐኪሞች እንግሊዝኛ ከ20 ሳምንት በፊት የሚቋረጥ እርግዝና ሁሉ «አቦርሽን» ነው። በራሱ ሲወርድ «ስፖንቴኒየስ»፣ በመድኃኒት ወይም በመሣሪያ ሲሆን «ኢንዲውስድ» ይሉታል። ያንቺ ላይ የተጻፈው «በራሱ ወረደ» ማለት ነው፤ እንዲያውም ያንቺ ምስክር ነው። ቃሉ ዓይንሽን ከወጋው «ሚስካሬጅ ተብሎ ይጻፍልኝ» ብለሽ በጽሑፍ መጠየቅ መብትሽ ነው፤ እሺ ማለት ግን አይገደዱም።

ፋይል ክፍል፦
ሕግ ቢሮ ነው የምሠራው፣ ጠበቃ ግን አይደለሁም።

ባልደረባሽ ያለችው ነገር ከባዶ አልመጣም። በ2005 መጀመሪያ ላይ (በፈረንጆቹ) ጆን ኮስግሮቭ የሚባሉ የቼሳፒክ ሪፐብሊካን ተወካይ ለቨርጂኒያ ምክር ቤት ኤችቢ 1677 የተባለ ረቂቅ አቅርበው ነበር። ሐኪም በሌለበት ጽንስ የጨነገፈባት ሴት በ12 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ካላሳወቀች እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት ያመጣባት ነበር። ሴቶች በኢሜይል አጥለቀለቋቸው። ሰውየው ያሰብኩት ተወልደው ስለሚጣሉ ሕፃናት ነው ብለው በቀናት ውስጥ ረቂቁን ራሳቸው ሳቡት። በ2009 ሴናተር ማርክ ኦበንሻይን ተቀራራቢ ነገር ሞክረው እሱም ቀረ። ስለዚህ ሕግ ሆኖ አያውቅም። ወሬው ግን ይኸው ሃያ ዓመት ኖሮ አንቺ ሥራ ቦታ ደርሷል!

በሥራ ላይ ያለው ሕግ ሌላ ነው። ጽንስ ሲጨነግፍ ሆስፒታሉ በሦስት ቀን ውስጥ ለስቴቱ ጤና መምሪያ ሪፖርት ይልካል። አብዛኛው ስቴት ይህን የሚጠይቀው ከ20 ሳምንት ጀምሮ ነው፤ ቨርጂኒያ ግን የሳምንት ገደብ ከማያስቀምጡት ጥቂቶች አንዷ ናት። አገር ቤት ወሳኝ ኩነት የምንለው ዓይነት ምዝገባ ነው፤ ወደ ፖሊስ ጣቢያ የሚሄድ ቅጽ አይደለም። የሚልከውም ሆስፒታሉ እንጂ አንቺ አይደለሽም። ብርቄም ልብ በይልኝ፦ ጉዳዩ ሜዲካል ኤግዛሚነር (የአሟሟት ምክንያት የሚመረምር የመንግሥት ሐኪም) እጅ የሚገባው ሴትዮዋን ጨርሶ ሐኪም ሳያያት ሲቀር ነው። አደይ ጠዋቱኑ መሄዷ ጠቀማት እንጂ አልጎዳትም።

የዜግነት ማመልከቻው፣ ኤን-400፣ የሚጠይቀው ስለ ወንጀልና ስለ እስር ነው፤ ስለ እርግዝና ጥያቄ የለውም።

ዳላስ ነኝ፦
ኧረ አታቅልሉት። ኦሃዮ ላይ የተከሰሰችውስ? ሂፓም (የሕክምና ምስጢር የሚጠብቀው የፌደራል ሕግ) ቢሆን ፍርድ ቤት አፍርሶታል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ፋይል ክፍል፦
ልክ ነሽ፣ እሱን ማንሳት ነበረብኝ። ዋረን በምትባል የኦሃዮ ከተማ በሴፕቴምበር 2023 አንዲት ሴት ወደ 22 ሳምንት ገደማ የሆነ ጽንስ ቤቷ መጸዳጃ ውስጥ ጨነገፈባት። ቀደም ብላ ሆስፒታል ተመላልሳለች። በኋላ ለሕክምና ስትመለስ ነርስ ለፖሊስ ደወለች፤ «አስከሬን አዋርደሻል» ተብላ ተከሰሰች። በጃንዋሪ 2024 ግራንድ ጁሪው (ክሱ ይቀጥል አይቀጥል የሚወስነው የዜጎች ሸንጎ) ለፍርድ አትቀርብም አለ። እዚህ ላይ የሚታየው ነገር፣ ጣጣውን ያመጣው የጤና መምሪያ ቅጽ ሳይሆን የአንድ ሰው ስልክ መሆኑ ነው።

ሂፓ አልፈረሰም። የፈረሰው በ2024 የተጨመረበት ደንብ ነው፤ ከወሊድና ከጽንስ ጋር የተያያዘ መረጃን በተለይ የሚጠብቅ ነበር፣ በጁን 2025 አንድ የቴክሳስ ፌደራል ዳኛ ሻረው። ዋናው ሕግ እንዳለ ነው። ግን ዋናውም ቢሆን የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲመጣ በሩን ይከፍታል፤ ብረት አጥር አድርገሽ አትይዢው። ላንቺ ስቴት ደግሞ፣ የቴክሳስ የውርጃ ክልከላ ራሷን እርጉዟን አይከስም፤ በራሱ የሞተ ጽንስ ማውጣትንም ውርጃ አይለውም።

ሐኪም ለጤናሽ የሚጠይቅሽን በሙሉ መልሺ። ፖሊስ አልጋሽ ዳር ቢመጣ ግን «ያለ ጠበቃ አልናገርም» ማለት ይቻላል፤ ነውርም ጥፋትም አይደለም።

ጉራማይሌ፦
እኔ የስልክ የሕክምና አስተርጓሚ ነኝ። አማርኛችን እዚህ ላይ ጉድ አለበት። አንዲት እናት «አስወረደኝ» ስትል በራሱ ወረደባት ማለት ነው። «አስወረድኩ» ካለች ራሷ አደረገችው። ልዩነቱ የቃሉ ጭራ ላይ ብቻ ነው፤ መስመሩ ሲቆራረጥ፣ ከኋላ ሕፃን ሲያለቅስ፣ ያቺ ጭራ ትጠፋለች። እኔ ባልሰማሁ ቁጥር አስቁሜ እጠይቃለሁ፤ ሁሉም ግን አይጠይቅም። ስለዚህ እህቶቼ «ጨነገፈብኝ፣ በራሱ ነው የወረደው» በሉ። ሁለቴ በሉት።

ሌላው፣ ጓደኛ ወይም የቤተ ክርስቲያን እህት ለማስተርጎም ይዛችሁ አትግቡ። ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። እኔ ምስጢር ባወጣ እጠየቃለሁ። ሂፓ ግን ሆስፒታሉንና እንደኔ ለእሱ የሚሠራውን እንጂ ጓደኛሽን አያስርም፤ ወጥታ ለዕድርተኛው ሁሉ ብትነግር ምንም አይላትም። ዲሲ አካባቢ ደግሞ በድምፅ እንኳ እንተዋወቃለን። የመጣልሽን ድምፅ ካወቅሽው «ሌላ ይቀየርልኝ» በይ፤ እኛ አንቀየምም። (እኔ አንዴ የገዛ ጎረቤቴ ደርሳኝ ራሴ ነኝ ቀይሩኝ ያልኩት።)

ጦስኝ፦
የአክስትን ነገር ለኔ ተዪው፣ አምስት ዓመት ከአማቴ ጋር ኖሬያለሁ።

ኢንሹራንሱ ከሕክምና በኋላ «ይህ ቢል አይደለም» የሚል ጽሑፍ ያለበት የሒሳብ መግለጫ ይልካል፤ መቼ፣ የት፣ ለምን እንደታከምሽ ይዘረዝራል። የሚመጣው በባለቤትሽ ስም ነው። ባለቤትሽ ዛሬውኑ አካውንቱ ውስጥ ገብቶ ወረቀቱን አቁሞ በኢሜይል ያድርገው። አንቺ ደግሞ ካርድሽ ጀርባ ባለው ቁጥር ደውለሽ «ኮንፊደንሻል ኮሙኒኬሽን» በያቸው፤ ቃሉን ያውቁታል። በሌላ አድራሻ ይላክልኝ ማለት ይቻላል፤ ቤት መድረሱ አደጋ እንዳለው ከነገርሻቸው እንቢ አይሉሽም።

የእርግዝና አፕ ስልክሽ ላይ ካለ እሱንም ተመልከቺው። አፕ አብዛኛውን ጊዜ ሂፓ ውስጥ አይገባም። ፍሎ የተባለው የወር አበባ አፕ የተጠቃሚዎቹን መረጃ ለፌስቡክና ለሌሎች አሳልፏል ተብሎ በ2021 ከፌደራል ንግድ ኮሚሽን ጋር ተስማምቶ ነው የወጣው። አድራሻሽን ሞልተሽ ከነበረ ደግሞ የመውለጃ ቀንሽ ሲቃረብ የዱቄት ወተት ናሙና በካርቶን ቤት ድረስ ይመጣል። በኔ ደርሷል፤ አማቴ ናቸው የተቀበሉት። መለያ ከማጥፋትሽ በፊት «እርግዝናው ተቋርጧል» የሚለውን ምረጪና ከማስታወቂያ ዝርዝራቸው ውጪ።

አደይ (ጠያቂ)፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ ተኛሁ። ቀጠሮዬን አልቀርም። ኢንሹራንሱ ጋ ደወልኩ፣ ቃሉን ስላቸው ወዲያው ገባቸው። ግን አንዱ ደብዳቤ ሐሙስ ቀን ወጥቷል አሉኝ። መቼ እንደሚደርስ በምን ላውቅ?

ጦስኝ፦
የአሜሪካ ፖስታ ቤት «ኢንፎርምድ ዴሊቨሪ» የሚባል ነፃ አገልግሎት አለው። ማንነትሽን አረጋግጠሽ ትመዘገቢያለሽ፤ ቤት የሚገባውን ደብዳቤ ፎቶ ጠዋት ጠዋት በኢሜይል ይልክልሻል። እስከዚያው ባለቤትሽ ከሥራ ቀደም ብሎ ይግባና ሳጥኑን እሱ ይክፈት። «የመኪና ሰሌዳ እየጠበቅኩ ነው» ይበል።

አደይ (ጠያቂ)፦
መኪና የለንም 😅

ጦስኝ፦
እንግዲያው የባንክ ካርድ።