አልማዙ መሃል ላይ ጥቁር ነጥብ አለ፤ ልግዛው ወይስ ልተወው?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ። ያለሁት ዱባይ ነው። ለእጮኛዬ ቀለበት እያየሁ ነው። ድንጋዩ ክብ፣ 0.70 ካራት፣ የጂአይኤ (የአሜሪካው የከበሩ ድንጋዮች መርማሪ ተቋም) ሰርተፊኬት ያለው ነው። ጥራቱ ኤስአይ2 ይላል፤ በማጉያ የሚታይ ጉድፍ አለው ማለት ነው። ግን መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለ ማጉያ ይታየኛል። ሻጩ «ተፈጥሮው ነው» ብሎ ዋጋ ቀነሰልኝ። እያደር ይሰፋል እንዴ? ቀለበቱን አዲስ አበባ ላይ ማስጠበብ አለብኝ፤ በእሳት ድንጋዩ ይሰነጠቅ ይሆን?

ድንጋይ ወዳድ፦ ሻጩ አልዋሸህም። አብዛኛው አልማዝ የሚፈጠረው ከ150 እስከ 200 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። ሲያድግ አጠገቡ ያለውን ማዕድን ውስጡ ያስቀራል። ጥቁሩ ብዙ ጊዜ ግራፋይት (እንደ እርሳስ ጥቁሩ ያለ ካርቦን) ወይም ሰልፋይድ (ድኝ ያለበት ማዕድን) ነው። አይሰፋም። መጥፎው ነገር ቦታው ነው። መሃል ላይ ሲሆን የታችኞቹ ገጾች እንደ መስታወት እያንጸባረቁ አንዱን ነጥብ ብዙ ያስመስሉታል። ጠርዝ ላይ ቢሆን ድንጋዩን የሚይዘው የቀለበቱ ጥፍር ይሸፍነው ነበር።

የሜሪላንዷ፦ እኔ ብሆን አልገዛውም። ደረጃው የሚሰጠው በ10 እጥፍ ማጉያ ነው። ስለዚህ በዚያው ኤስአይ2 ውስጥ በዓይን የሚታይም የማይታይም አለ። ሌላ አሳየኝ በለው። የሱቁ መብራት ያታልላል፤ መስኮት አጠገብ ወስደህ እየው።

ወርቅ ሠሪ፦ ወንድሜ፣ ለእሳቱ ከጥቁሩ ነጥብ ይልቅ ስንጥቁን ፈልግ። ስንጥቁ እስከ ላይኛው ገጽ ከደረሰ ያሰጋል። አንዳንዱ ድንጋይ ደግሞ ስንጥቁ በመስታወት ተሞልቶ ይሸጣል። የብየዳ እሳት ሲነካው መስታወቱ ይበላሻል፣ ስንጥቁም ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ድንጋዩን ቀስ አድርገህ አዘንብለው። ስንጥቁ ውስጥ ሰማያዊ ወይም ብርቱካናማ ብልጭታ ካየህ ተሞልቷል ማለት ነው። ጂአይኤ ለተሞላ ድንጋይ ደረጃ አይሰጥም። ስለዚህ ወረቀቱ የዚሁ ድንጋይ መሆኑን አረጋግጥ፤ ወገቡ (የድንጋዩ ዙሪያ ጠርዝ) ላይ በሌዘር የተጻፈ ቁጥር ካለ ከወረቀቱ ጋር አስተያየው።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጥቁሩን በሌዘር ያጠፉታል ሲሉም ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው?

ድንጋይ ወዳድ፦ እውነት ነው። በሌዘር ቀጭን ቀዳዳ ይበሱና በአሲድ ያነጡታል። ግን ቀዳዳው እዚያው ይቀራል። ለ0.70 ካራት አትድከም፤ ሌላ ድንጋይ ምረጥ።

ወርቅ ሠሪ፦ የትኛውንም ብትገዛ የሰርተፊኬቱን ኮፒ ይዘህ ና። ሥራው ሳይጀመር ከሠሪው ጋር ሆናችሁ ድንጋዩን በማጉያ እዩት።